የአሉሚኒየም ሞልድ በምን ይሠራ? ሲኤንሲ ራውተር፣ ሲኤንሲ ፍሬዛ እና አፍስሶ መሥራት ሲነጻጸሩ

በአዲስ አበባ በርካታ የቤት ዕቃ ማምረቻዎች ኤምዲኤፍ ለመቁረጥና በር ለመቅረጽ የገዙት ሲኤንሲ ራውተር (በኮምፒውተር እየተመራ የሚቀርጽ ማሽን) አላቸው። ከጊዜ በኋላ የሳሙና፣ የጫማ ሶል፣ የቸኮሌት ወይም የፕላስቲክ ማሸጊያ አምራች መጥቶ በዚሁ ማሽን የአሉሚኒየም ሞልድ (ምርቱ ቅርጹን የሚይዝበት ፎርማ) ይሠራለት እንደሆነ ይጠይቃል። የሚያገኘው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው፤ ወይ «አሉሚኒየም ለስላሳ ነው፣ ይቆርጠዋል» ይሉታል፣ ወይ «ራውተር የእንጨት ማሽን ነው፣ ለብረት አይሆንም» ብለው ይመልሱታል። ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው፤ ነገር ግን ሁለቱም ደንበኛው ገንዘቡን በየትኛው መንገድ ላይ ቢያውል እንደሚያዋጣው አይነግሩትም። ይህ ጽሑፍ በራውተር መሥራትን፣ በሲኤንሲ ፍሬዛ (ለብረት ሥራ በተሠራ ከባድ መቁረጫ ማሽን) ማሠራትን፣ አሉሚኒየሙን አቅልጦ በአሸዋ ፎርማ ውስጥ ማፍሰስን እና ከውጭ ማዘዝን እያነጻጸረ ምርጫውን ለማቅለል የተዘጋጀ ነው።

አብዛኛው ሰው ንጽጽሩን የሚጀምረው ከማሽኑ ዋጋ ወይም ካታሎጉ ላይ ከሰፈረው የልክ ትክክለኛነት ነው። በእኔ እምነት ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለባቸው ሁለት ጉዳዮች ናቸው። አንደኛው ሞልዱ በሥራ ላይ ምን ያህል ግፊት እንደሚሸከም ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ሞልዱ አንድ ገጽ ብቻ ያለው ነው ወይስ ሁለት ግማሾች ተገጥመው ክፍተት ሳይተዉ መዝጋት ያለባቸው ነው የሚለው ነው። እነዚህ ሁለቱ ከታወቁ የማሽኑ ምርጫ ከሞላ ጎደል ራሱን ይወስናል።

ግፊትና መጋጠሚያ

ከላይ ሲታይ 100 ካሬ ሴንቲሜትር ስፋት ያለውን ዕቃ እንውሰድ። ይህ ዕቃ በቫኩም የሚሠራ ከሆነ፣ ማለትም የጋለ የፕላስቲክ ሉህ በአየር ግፊት ሞልዱ ላይ እንዲለጠፍ የሚደረግ ከሆነ፣ በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ የከባቢ አየር ግፊት 0.76 ባር ገደማ ስለሆነ ሞልዱ ላይ የሚያርፈው ጭነት 80 ኪሎ አይሞላም። ያው ዕቃ በአየር የሚነፋ ቢሆን፣ ለምሳሌ በ7 ባር የሚነፋ የጄሪካን ዓይነት ምርት ቢሆን፣ ጭነቱ ወደ 700 ኪሎ ያድጋል። በኢንጀክሽን የሚመረት፣ ማለትም የቀለጠ ፕላስቲክ በኃይል ወደ ሞልዱ የሚገፋበት ሆኖ በሞልዱ ውስጥ 300 ባር ግፊት ቢኖር ግን ጭነቱ ወደ 30 ቶን ይደርሳል፤ ብዙ የኢንጀክሽን ሥራዎችም ከዚህ በላይ ግፊት ይጠይቃሉ። በአንድ «አሉሚኒየም ሞልድ» በሚለው ስም ሥር የተሰባሰቡት ሥራዎች በጭነት በመቶዎች እጥፍ ይለያያሉ ማለት ነው።

የልክ ጉዳይም በዚሁ መልክ መታየት አለበት። ደንበኞች «ማሽኑ 0.1 ሚሊሜትር ይሳሳታል» ሲባሉ ይደነግጣሉ፤ ነገር ግን ከጠንካራ ፖሊኤቲሊን የተሠራ 300 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ዕቃ ሲቀዘቅዝ በ2 በመቶ ወይም በ2.5 በመቶ መሸብሸቡ ብቻ የ1.5 ሚሊሜትር ልዩነት ያመጣል። ይህን ልዩነት የሚወስኑት የጥሬ ዕቃው ዓይነት፣ የማቀዝቀዣው ጊዜና የግድግዳው ውፍረት ናቸው። በጠቅላላው ርዝመት ላይ የሚፈጠረው የራውተሩ ስህተት ከዚህ አንጻር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በአንጻሩ ሁለት ግማሾች በሚገናኙበት መስመር ላይ 0.03 ሚሊሜትር ክፍተት ከተገኘ፣ እንደ ፖሊፕሮፒሊን ያለ ሲቀልጥ በቀላሉ የሚፈስ ፕላስቲክ በኢንጀክሽን ግፊት ውስጡ ገብቶ ጠርዙ ላይ ስስ ትርፍ ያወጣል፤ ያንን ትርፍ ሠራተኛ በምላጭ እያነሳ ቀኑን ይፈጃል። ስለዚህ ትክክለኛነት የሚፈለገው በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም፤ ከሁሉ በላይ የሚፈለገው በመጋጠሚያው ገጽና በመሪ ፒኖቹ (ሁለቱን ግማሾች በቦታቸው በሚያገጣጥሙት ዘንጎች) ቀዳዳ ላይ ነው።

ራውተሩ በእርግጥ ምን መሸከም ይችላል?

ራውተር ከፍሬዛ የሚለየው በሦስት ነገሮች ነው፤ በግትርነቱ፣ በስፒንድሉ (መቁረጫውን በሚያዞረው ሞተር) ባሕርይ እና በድልድዩ (ስፒንድሉን በተሸከመው አግዳሚ) ሥር ባለው ክፍተት። ሦስቱም ከግዢ ወይም ከሥራ ውል በፊት ሊመረመሩ ይችላሉ።

ግትርነትን ለመለካት የሚያስፈልገው ዳያል ኢንዲኬተር (በመቶኛ ሚሊሜትር የሚለካ ባለ መርፌ መለኪያ) እና የሻንጣ መመዘኛ የመሰለ የመንጠቆ ሚዛን ብቻ ነው። ኢንዲኬተሩን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ ጫፉን የስፒንድሉ አፍንጫ ላይ ማሳረፍ፣ ከዚያም ስፒንድሉን በ10 ኪሎ ኃይል ወደ ጎን መሳብ ነው። መርፌው ከ0.05 ሚሊሜትር በላይ ከሄደ፣ ያ ማሽን አሉሚኒየም ሊቆርጥ ይችል ይሆናል፣ ነገር ግን ሞልድ እንዲሠራ ባይታዘዝ ይሻላል። ይህን ፈተና በሁለቱም አቅጣጫ ማድረግ ይገባል፤ ብዙ ራውተሮች በድልድዩ ርዝመት አቅጣጫ ጠንክረው በሌላው አቅጣጫ ይለምጣሉና። በጥርስ ዘንግ የሚንቀሳቀሱ ማሽኖች ደግሞ አቅጣጫ ሲቀይሩ ልል ስላላቸው፣ 50 ሚሊሜትር ዲያሜትር ያለው ክብ አስቆርጦ በአራት አቅጣጫ መለካት ያሻል። ክቡ ሞላላ ከሆነ ወይም አቅጣጫ በሚለወጥባቸው ነጥቦች ላይ እርከን ካሳየ፣ በጥርስ ዘንግ ፋንታ በቦል ስክሩ የሚንቀሳቀስ ሌላ ማሽን መፈለግ ነው።

የስፒንድሉ ጉዳይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። በብዙ ራውተሮች ላይ የሚገኘው 2.2 ኪሎዋት ስፒንድል ይህን ጉልበቱን የሚሰጠው በደቂቃ 24,000 ዙር ሲሽከረከር ነው፤ በዚያ ፍጥነት የሚያወጣው የማዞር ኃይል ከ0.9 ኒውተን ሜትር አይበልጥም። ፍጥነቱ ወደ 6,000 ሲወርድ የማዞር ኃይሉ ስለማይጨምር ጉልበቱ ወደ 0.55 ኪሎዋት ይወርዳል። በመሆኑም ራውተር በትንንሽ መቁረጫ በከፍተኛ ፍጥነት መሥራትን የሚወድ ማሽን ነው። በ12 ሚሊሜትር ፑንታ የማቀዝቀዣ ውኃ መስመር መብሳት፣ የብሎን ጥርስ ማውጣት ወይም በትልቅ መቁረጫ ገጽ ማስተካከል ከሱ አይጠበቅም፤ እነዚህ ለትራፓኖ (ለመብሻ ማሽን) እና ለፍሬዛ የሚተዉ ሥራዎች ናቸው።

በድልድዩ ሥር ያለው ክፍተትም ለበር ሥራ ተብሎ የተወሰነ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 150 ሚሊሜትር ነው። የ80 ሚሊሜትር ብሎክ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ 70 ሚሊሜትር የሚረዝም መቁረጫ ከላዩ መነሳት ካለበት፣ ቦታው አልቋል ማለት ነው። መቁረጫውን አስረዝሞ ማሰርም መፍትሔ አይደለም፤ ከመያዣው የወጣው ርዝመት እጥፍ ሲሆን የሚለምጠው መጠን ስምንት እጥፍ ይሆናል፣ ዲያሜትሩ በግማሽ ሲቀንስ ደግሞ አሥራ ስድስት እጥፍ። ጥልቅና ጠባብ ጉድጓድ ያለው ሞልድ ለራውተር የማይመቸው ከምንም በላይ በዚህ ምክንያት ነው።

ጊዜው ሲቆጠር

እዚህ ላይ ንጽጽሩ ብዙዎች ከሚገምቱት የተለየ መልክ ይይዛል። ከብሎኩ ውስጥ አንድ ሊትር፣ ማለትም 1,000 ሴንቲሜትር ኪዩብ አሉሚኒየም ማውጣት አለብን እንበል። 6 ሚሊሜትር ዲያሜትርና ሁለት ጥርስ ያለው የካርባይድ መቁረጫ በ18,000 ዙር ሲሽከረከር የመቁረጫ ፍጥነቱ በደቂቃ 339 ሜትር ነው፤ እያንዳንዱ ጥርስ 0.04 ሚሊሜትር ቢነክስ ማሽኑ በደቂቃ 1,440 ሚሊሜትር ይጓዛል። በ1 ሚሊሜትር ስፋትና በ4 ሚሊሜትር ጥልቀት ሲቆርጥ በደቂቃ 5.8 ሴንቲሜትር ኪዩብ ያነሳል፤ ስለዚህ አንዱን ሊትር ለመጨረስ ሦስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ጥሩ ሲኤንሲ ፍሬዛ በ16 ሚሊሜትር መቁረጫ በደቂቃ ከ100 ሴንቲሜትር ኪዩብ በላይ ስለሚያነሳ ይህንኑ ሥራ በአሥር ደቂቃ ገደማ ይጨርሰዋል። በሻካራው ቆረጣ ራውተሩ ለውድድር አይቀርብም።

ማለስለሻው ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። 300 በ200 ሚሊሜትር የሆነ ጎርባጣ ገጽ 6 ሚሊሜትር በሆነ ኳስ ጫፍ መቁረጫ፣ በመስመርና በመስመር መካከል 0.3 ሚሊሜትር እየተተወ ይለስልስ ቢባል፣ በመስመሮቹ መካከል የሚቀረው እርከን ከ0.004 ሚሊሜትር ያንሳል፤ መቁረጫው የሚጓዘው መንገድ ግን 200 ሜትር ይሆናል። በደቂቃ 1,440 ሚሊሜትር ለሚሄደው ራውተር ይህ ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ያህል ነው። ስፒንድሉ ከ10,000 ዙር የማያልፍ ፍሬዛ ደግሞ በዚያው የጥርስ ንክሻ ቢሠራ በደቂቃ 800 ሚሊሜትር ብቻ ስለሚጓዝ ከአራት ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። በሰዓት የሚያስከፍለውን የፍሬዛ ቤት ዋጋ ከራስ ራውተር ወጪ ጋር ሲያስተያዩት፣ ለትልልቅ ጎርባጣ ገጾች ማለስለሻ ራውተር እውነተኛ ብልጫ አለው። በቫኩም ሞልድ ላይ ከ1 ሚሊሜትር ያነሱ የአየር ማውጫ ቀዳዳዎችን መብሳትም እንዲሁ ነው፤ 0.8 ሚሊሜትር ፑንታ ከፍተኛ ፍጥነት ይፈልጋል፣ ራውተሩም ያንን ፍጥነት አለው።

ለመቁረጫው ምርጫ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ለአሉሚኒየም ተብለው የተሠሩ፣ ጥርሳቸው አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት የሆነ፣ የተወለወለ የፍቅፋቂ መውጫ ያላቸው ካርባይድ መቁረጫዎች ይበቃሉ። አሉሚኒየም ያለበት የቲታኒየም ሽፋን ያላቸውን ግን መሸሽ ያስፈልጋል፤ ለአረብ ብረት ጥሩ ቢሆኑም አሉሚኒየም ይጣበቅባቸዋል። ከዚህ ይልቅ ትልቁ ጠላት ከጉድጓዱ ሳይወጣ የቀረ ፍቅፋቂ ነው። መቁረጫው ያንኑ ፍቅፋቂ ደግሞ ሲቆርጠው ይግላል፣ አሉሚኒየሙም ጥርሱ ላይ ተበይዶ መቁረጫውን ይሰብረዋል። የማያቋርጥ የአየር ግፊትና በጥቂቱ የሚረጭ የመቁረጫ ዘይት ይህን ችግር አብዛኛውን ጊዜ ይፈታል። አንዳንድ ወርክሾፖች ነጭ ጋዝ ይጠቀማሉ፤ የተቆረጠውን ገጽ ማሳመሩ እውነት ነው፣ ሆኖም እንጨት አቧራ ባለበት ቤት ውስጥ በጭጋግ መልክ መርጨቱ እሳት መጋበዝ ስለሆነ ፈጽሞ አልመክረውም።

ፍሬዛ የግድ የሚሆንበት ቦታ

በሁለት ግማሽ የሚዘጉ፣ ተንሸራታች ክፍል ያላቸው፣ ኤጄክተር ፒን (የተሠራውን ዕቃ ገፍቶ የሚያወጣ ዘንግ) የሚያልፍባቸውና ኢንጀክሽን ማሽን ላይ የሚታሰሩ ሞልዶች ያለ ፍሬዛ መታሰብ የለባቸውም። የመሪ ፒን ቀዳዳ በሁለቱ ግማሾች ላይ በአንድ መቶኛ ሚሊሜትር ደረጃ ካልተገናኘ፣ ሞልዱ በየጊዜው ሲዘጋ ፒኑ የሚገባበትን ቡሽ እየፋቀ በአጭር ጊዜ ውስጥ ያላላዋል። ይህን ልክ የሚሰጠው ክብደት ያለው፣ ሳጥናማ አካል ያለው ማሽን ነው። ሲኤንሲ ባይሆንም እንኳ በጥሩ ሁኔታ የተያዘ አሮጌ የእጅ ፍሬዛ፣ ልምድ ያለው ባለሙያ ከቆመበት፣ ጠፍጣፋ መጋጠሚያ ገጽን ከአዲስ ራውተር በተሻለ ያወጣዋል። ሲኤንሲ የሚለው ቃል ብቻውን ትክክለኛነት ያለ ሊያስመስል ይችላልና ይህ ነጥብ ሊሰመርበት ይገባል።

ፍሬዛ ሲመረጥ ወጪው የሚከማችበት ቦታም መታወቅ አለበት። ብሎኩን ስድስት ገጽ ማስተካከል፣ ማሰርና መፍታት፣ ፕሮግራም ማዘጋጀት ከቆረጣው የማይተናነስ ጊዜ ይወስዳሉ። ስለዚህ ዋጋ ሲጠየቅ «በአንድ ሞልድ» ብቻ ሳይሆን ፕሮግራሙንና ማሰሪያውን ለይቶ መጠየቅ ይጠቅማል፤ ሁለተኛው ተመሳሳይ ሞልድ ከመጀመሪያው ረክሶ መገኘት ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

አፍስሶ መሥራት

የውኃ ማጠራቀሚያ ሮቶ ወይም ሌላ ውስጡ ባዶ የሆነ ትልቅ የፕላስቲክ ዕቃ ለማምረት የሚያስብ ሰው፣ ብሎክ ገዝቶ የማስቆረጥን ሐሳብ ቢተው ይሻለዋል። በዚህ ዘርፍ በዓለም ላይ የተለመደው መንገድ ቀላል ሲሊንደር ቅርጾችን ከላሜራ በይዶ መሥራት፣ ውስብስብ ቅርጾችን ደግሞ አሉሚኒየም አፍስሶ ማውጣት ነው። በማምረቱ ሂደት ሞልዱ ምድጃ ውስጥ እየዞረ ይግላል እንጂ ውስጡ ይህ ነው የሚባል ግፊት የለም፤ ስለዚህ ቀጭንና እኩል ውፍረት ያለው የፈሰሰ ግድግዳ ሙቀቱንም በእኩል ያሳልፋል።

ራውተሩ በዚህ መንገድ ውስጥ የሚኖረው ድርሻ የራሱን ሥራ መሥራት ነው፤ ለአሸዋው ፎርማ የሚሆነውን ሞዴል ከእንጨት ወይም ከኤምዲኤፍ ይቀርጻል። በአሸዋ ውስጥ የሚፈስ አሉሚኒየም ሲቀዘቅዝ 1.3 በመቶ ያህል ስለሚሸበሸብ ሞዴሉ በዚያው መጠን መተለቅ አለበት፣ በላዩም ላይ የፕላስቲኩ መሸብሸብ ይጨመርበታል። ሁለቱን መደመር የሚረሳ ሰው ትንሽ ዕቃ ያገኛል።

የዚህ መንገድ ትልቁ ድክመት የብረቱ ጥራት ነው። ማቅለጫ ቤቶች የሚጠቀሙት አብዛኛውን ጊዜ ከፒስተን፣ ከሞተር አካልና ከመስኮት ፍሬም የተሰበሰበ ቁርጥራጭ ስለሆነ ቅይጡ ከቀን ወደ ቀን ይለያያል። ፒስተን ውስጥ ያለው ሲሊከን መቁረጫ ይበላል፤ በቀለጠው ብረት ውስጥ የቀረ ጋዝም ገጹ ሲቆረጥ ብቻ የሚታዩ የመርፌ ቀዳዳዎች ያወጣል። ለሳሙናና ለኮንክሪት ንጣፍ ሞልድ እነዚህ ቀዳዳዎች ሊታለፉ ይችላሉ፤ ላዩ እንዲያብረቀርቅ ለሚፈለግ ዕቃ ግን እያንዳንዷ ቀዳዳ በምርቱ ላይ ነጥብ ሆና ትታያለች።

ከውጭ ማዘዝ

በኢንጀክሽን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዕቃ ለማምረት ለሚፈልግ ድርጅት ከቻይና የሚመጣ የአረብ ብረት ሞልድ አሁንም የማይናቅ አማራጭ ነው። በአሜሪካ የፕላስቲክ ኢንዱስትሪ ማኅበር ምደባ መሠረት ክፍል 101 የሚባለው ሞልድ ከአንድ ሚሊዮን ዑደት በላይ እንዲሠራ የታሰበ ነው፣ ክፍል 103 ከ500,000 በታች፣ ክፍል 104 ከ100,000 በታች፣ ክፍል 105 ደግሞ ለናሙና ብቻ የሚሆንና ከ500 የማያልፍ ነው። የአሉሚኒየም ሞልዶች በአብዛኛው ቦታቸው በመጨረሻዎቹ ሁለት ክፍሎች ውስጥ ነው። የመስታወት ክር የተቀላቀለበት ፕላስቲክ አሉሚኒየሙን በፍጥነት ይበላዋል፤ ፒቪሲም ከልክ በላይ ሲግል አሲድ ስለሚለቅ ገጹን ያበላሸዋል።

ነገር ግን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከዚያ በፊት የተሠሩ የዋጋ ንጽጽሮች ዛሬ አያገለግሉም፤ ለውጭ ሞልድ ያደላ የነበረ ስሌት እንደገና መሠራት አለበት። ከዋጋው ባልተናነሰም የማስተካከያው ጉዳይ አለ። በጅቡቲ በኩል የመጣ ሞልድ የመጀመሪያው ናሙና ላይ ግድግዳው ሳስቶ ቢገኝ መልሶ መላክ የማይታሰብ ስለሆነ፣ በስተመጨረሻ የሚያስተካክለው እዚሁ ያለ ፍሬዛ ቤት ነው። ቅርጹ ገና ያልተረጋጋ አዲስ ምርት የያዘ ሰው የመጀመሪያውን ሞልድ እዚሁ በአሉሚኒየም አሠርቶ፣ ገበያው ሲጸና የብረቱን ቢያዝ ይበጀዋል ብዬ አምናለሁ።

የትኛው አሉሚኒየም?

ገበያ ላይ «አሉሚኒየም» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ አንድ አይደለም። ንጹሕነቱ ከፍ ያለው፣ 1050 በሚል ቁጥር የሚታወቀው፣ ለስላሳና የሚጣበቅ ስለሆነ ለመቁረጥም ለሞልድም የማይመች ነው። 6061 የተባለው ቅይጥ በቲ6 ሁኔታ (በሙቀት ጠንክሮ) ለአብዛኛው የቫኩም፣ የሶልና የአረፋ ሞልድ ይበቃል፤ ሲጫን ቅርጹን መልቀቅ የሚጀምረው በ276 ሜጋፓስካል ገደማ ነው። 7075 ቲ6 ወደ 500 ሜጋፓስካል ስለሚደርስ ለሚነፉ ጠርሙሶችና ለአነስተኛ ኢንጀክሽን ይመረጣል፣ ሆኖም ዋጋው ከፍ ይላል፣ ሙቀት የማሳለፍ ችሎታውም ከ6061 ያንሳል። ሁለቱም ግን ለሞልድ ከሚውለው ፒ20 አረብ ብረት አራትና አምስት እጥፍ ያህል ሙቀት ስለሚያሳልፉ ዕቃው ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ የአሉሚኒየም ሞልድ አንዱ ትልቅ ጥቅሙ ይህ ነው።

በጥቅልል የተዳመጠ ወፍራም ፕሌት አንድ ጎኑ ብቻ ሲቆረጥ ውስጡ የነበረው ውጥረት ስለሚለቀቅ ይጣመማል። ሻካራውን ቆረጣ ጨርሶ ማሰሪያውን መፍታት፣ ፕሌቱን ማሳደር፣ ከሥሩ እንደገና አስተካክሎ ማሰር፣ ከዚያም ማለስለስ ይገባል። ተለጥጦ የተረጋጋው፣ በቲ651 ምልክት የሚታወቀው፣ ከተገኘ ግን ይህ ድካም በእጅጉ ይቀንሳል።

የቦታው ጠባይ

በከፍታ ላይ መሥራት በሒሳብ ውስጥ መግባት አለበት። ብዙ ራውተሮች ዕቃውን የሚይዙት በቫኩም ጠረጴዛ ነው፤ በአዲስ አበባ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል ሲወዳደር ሩብ ያህል ስለሚያንስ ጠረጴዛው የሚይዝበት ኃይልም በዚያው ልክ ያንሳል። ለኤምዲኤፍ ሉህ የበቃው ቫኩም ለአሉሚኒየም ብሎክ አይበቃም፤ በብሎንና በማሰሪያ ክንድ ማሰር ያስፈልጋል። በአየር የሚቀዘቅዝ ስፒንድልም በሳሳው አየር ውስጥ የባሰ ስለሚግል፣ ለረጅም ማለስለሻ በውኃ የሚቀዘቅዘው ይመረጣል።

ሙቀትም አለ። የጠዋቱ ብርድና የቀትሩ ፀሐይ በ12 ዲግሪ ቢለያዩ፣ 500 ሚሊሜትር የሆነ አሉሚኒየም ከማሽኑ የብረት ስክሩ ይልቅ በ0.07 ሚሊሜትር ያህል ተጨማሪ ይረዝማል። ማለስለሻውን በአንድ ወጥ ሰዓት ውስጥ፣ በተለይም ከሰዓት በኋላ ወይም ማታ ጀምሮ መጨረስ፣ ገጹ መሐል ላይ እርከን እንዳይወጣበት ይረዳል።

የመብራት መቋረጥ ከሁሉም ይከፋል። ሁለት ሰዓት በሚፈጅ ማለስለሻ መካከል መብራት ሲጠፋ ስፒንድሉ ይቆማል፣ መቁረጫው ግን ብረቱ ውስጥ እንደተተከለ ይቀራል፤ በስቴፐር ሞተር የሚሠሩ ራውተሮች ደግሞ ቦታቸውን ይረሳሉ። ለመቆጣጠሪያው ዩፒኤስ ማድረግ ቦታውን እንዲያስታውስ ሊረዳ ይችላል፣ ስፒንድሉን ግን አያዞርም። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ብሎኩ ላይ፣ ከሚቆረጠው ቦታ ውጭ፣ ለዜሮ መመለሻ የሚሆን ትክክለኛ ቀዳዳ መብሳት ይገባል። ረጅሙን ፕሮግራምም እያንዳንዳቸው ከግማሽ ሰዓት በማያልፉ ክፍሎች መከፋፈል ጥፋቱን ይወስነዋል።

ለእንጨት ቤቶች አንድ ጉዳይ ልጨምር። የኤምዲኤፍ ጠረጴዛ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ሲነካው ያብጣል፣ ቀጥ ማለቱንም ያጣል። የእንጨት አቧራ ከዘይት ጋር ሲደባለቅ ደግሞ የማሽኑን ሀዲድ የሚበላ ልጥፍ ይሆናል። በአንድ ማሽን ሁለቱን ሥራ የሚሠራ ሰው ለአሉሚኒየሙ የተለየ የብረት ወይም የአሉሚኒየም ጠረጴዛ ማዘጋጀት፣ የአቧራ መሳቢያውን ማጥፋት፣ ፍቅፋቂውንም ለብቻው መጥረግ አለበት።

ለየሥራው የሚስማማው

ቫኩም ፎርሚንግ፣ የቸኮሌትና የሳሙና ሞልድ፣ ጥልቀት የሌለው የአረፋ ሞልድ የራውተር ሥራዎች ናቸው፤ እነዚህን ለፍሬዛ ቤት መክፈል ገንዘብ ማባከን ነው። ለቫኩም ሞልድ ገጹን እንደ መስታወት መወልወልም አያስፈልግም፤ አየሩ በሉሁና በሞልዱ መካከል ተይዞ እንዳይቀር በመጠኑ የሻከረ ገጽ ይሻላል።

እየፈሰሰ የሚሞላ የፖሊዩሪታን የጫማ ሶል ሞልድ መሐል ላይ ይገኛል። ግፊቱ አነስተኛ ነው፣ ነገር ግን ሞልዱ ክዳን ስላለው መገጣጠም አለበት። የሶሉ ቁጥሮች ብዙ ስለሆኑም ዋጋው በቁጥሩ ልክ ይባዛል። እዚህ ላይ ሥራውን መከፋፈል ከሁሉም የተሻለ ነው፦ ፍሬዛ ቤቱ ብሎኮቹን አስተካክሎ የመጋጠሚያውን ገጽና የመሪ ፒኖቹን ቀዳዳ ያወጣል፣ ራውተሩ የሶሉን ቅርጽና የእግር ሥር ንድፉን ይቆርጣል። የሚነፋ ጄሪካንም በዚሁ መንገድ ሊሠራ ይችላል፤ ፕላስቲኩ ተቆንጥጦ የሚቆረጥበትን ጠርዝ ግን ለፍሬዛው መተው ያስፈልጋል። ኢንጀክሽን ከሆነ ሙሉ በሙሉ ወደ ፍሬዛ መሄድ ነው፤ ብዛቱ ከመቶ ሺህ ካለፈም ወደ አረብ ብረት።

ሥራው በሁለት ማሽን ሲከፋፈል አብዛኛው ጥፋት የሚመጣው በመቁረጡ ላይ ሳይሆን ብሎኩ ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው ሲዛወር ነው። ስለዚህ ፍሬዛ ቤቱ የመሪ ፒኖቹን ቀዳዳ ከመጀመሪያው እንዲጨርስ፣ ከእነዚህም ውስጥ ሁለቱ ለራውተሩ መነሻ ሆነው እንዲያገለግሉ በውሉ ላይ መጻፍ ይገባል። ራውተሩ ላይ ብሎኩ ሲታሰር ጠርዙን በመንካት ሳይሆን ኢንዲኬተሩን በሁለቱ ቀዳዳዎች ውስጥ በማዞር ማዕከላቸው ይፈለጋል፤ ሁለቱን የሚያገናኘው መስመር ከማሽኑ ዘንግ ጋር መስመር መያዙም ይረጋገጣል። ሁለተኛው ግማሽ በመስታወት ተገላብጦ መቆረጥ ስላለበት፣ ፕሮግራሙ ከመጫኑ በፊት በርካሽ ኤምዲኤፍ ላይ ሁለቱንም ግማሾች ቆርጦ፣ በፒን አገናኝቶ፣ መጋጠማቸውን በዓይንና በጣት ማየት ይቻላል።